በባትሪ ብርሃን መሣል፦ የረጅም ሰከንድ ፎቶ ከደሴ ጓዳ እስከ ሐረጎ ቁልቁለት

መብራት ሲጠፋ የሚናደድ ብዙ ነው፤ በባትሪ ብርሃን ፎቶ መሣል የለመደ ሰው ግን ካሜራውን ይፈልጋል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ጨለማ፣ የማይነቃነቅ ካሜራና በእጅ የሚንቀሳቀስ መብራት ነው። ሻተሩ (ብርሃን የሚያስገባው የካሜራው በር) ለ10፣ ለ30 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ተከፍቶ ይቆያል፤ በዚያ ጊዜ ብርሃን የነካው ሁሉ ፎቶው ላይ ይወጣል፣ ያልነካው ጥቁር እንደሆነ ይቀራል።

ወደ አሠራሩ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ይያዝልኝ፤ ጀማሪ ሁሉ የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። በባትሪ የምትሥሉት መስመር ድምቀቱ የሚወሰነው በአፐርቸሩ (ብርሃን የሚያልፍበት የሌንስ ቀዳዳ፤ በ«ኤፍ» ቁጥር ይጻፋል፣ ቁጥሩ ሲጨምር ይጠባል)፣ በአይኤስኦው (ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበት ስሜት)፣ በባትሪው ጉልበትና በእጃችሁ ፍጥነት ነው። ሻተሩ የቆየበት ሰከንድ መስመሩን አያደምቀውም፤ ባትሪው በአንድ ነጥብ ላይ የሚያልፈው ለቅጽበት ብቻ ነውና። ሰከንዱ የሚያደምቀው ከኋላ ያለውን ነው፦ ሰማዩን፣ ግድግዳውን፣ የጎረቤቱን በረንዳ። ስለዚህ መስመሩ ከመጠን በላይ ነጥቶ ቀለሙ ከጠፋ ሰከንድ አትቀንሱ፤ አይኤስኦውን ዝቅ አድርጉ ወይም እጃችሁን አፍጥኑ። ከኋላ ያለው በጣም ከጠቆረ ደግሞ ባትሪውን ሳትነኩ ሰከንድ ጨምሩ። ይህን የለየ ሰው የቀረውን በራሱ ይደርስበታል።

ዕቃ

ካሜራ እስክትገዙ መጠበቅ የለባችሁም። የስልካችሁ ካሜራ «ፕሮ» የሚል ምርጫ ካለውና ሻተሩን እስከ 10 ሰከንድ የሚያቆይ ከሆነ ይበቃል። ብዙ የሳምሰንግ ስልኮች አላቸው፤ ቴክኖና ኢንፊኒክስ እንደ ሞዴሉ ነው። የሌለው አንድሮይድ «ኦፕን ካሜራ» የሚባለውን ነጻ አፕ ያውርድ፤ ስልኩ ከፈቀደለት ሰከንዱን በእጅ ያስወስነዋል። አይፎን በራሱ ካሜራ ሰከንድ እንደ ልብ ስለማያስመርጥ ለዚሁ የተሠራ አፕ ግድ ነው። «ናይት» የሚለውን ምርጫ ግን ለዚህ ሥራ ተዉት። እሱ ብዙ ፎቶ አነባብሮ የተንቀሳቀሰውን ለማጥፋት ስለሚሞክር፣ የሣላችሁትን መስመር ቆራርጦ ይሰጣችኋል።

ዲኤስኤልአር (ሌንሱ የሚቀየር ካሜራ) ያለው ሰው ያረጀም ቢሆን «ኤም» ላይ (ሁሉን በእጅ የሚያስወስነው ምርጫ) አድርጎ፣ አብሮ በመጣው ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር ሌንስ መጀመር ይችላል። ውድ ሌንስ እዚህ ብዙም ጥቅም የለውም፤ አፐርቸሩን ጠበብ አድርጎ ነው የሚሠራው።

ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) ከሌለ ባቄላ ወይም ሩዝ የተሞላ ከረጢት ድንጋይ ወይም በርጩማ ላይ አስቀምጡና ካሜራውን ተጭናችሁ አስተኙበት። ሻተሩን በጣት መጫን ካሜራውን ስለሚያነቃንቅ ታይመሩን 2 ሰከንድ ላይ አድርጉ። ብዙ ስልክ ላይ ባለ ሽቦ የጆሮ ማዳመጫ ከሰካችሁ የድምፅ መጨመሪያው ቁልፍ ፎቶ ያነሣል። ሌንሱ ወይም ካሜራው የንዝረት መከላከያ ካለው ትራይፖድ ላይ ሲሆን አጥፉት።

መብራቱን ሱቅ ሄዶ መግዛት አያስፈልግም። አንድ የእጅ ባትሪና አንድ የቁልፍ መያዣ ላይ የምትንጠለጠል ትንሽ ኤልኢዲ በቂ ናቸው። ቀለም ከፈለጋችሁ ባለ ቀለም ፌስታል ሁለት ሦስት ጊዜ አጥፋችሁ ባትሪው አፍ ላይ በላስቲክ እሰሩ። ቀይና ሰማያዊ ግሩም ይወጣሉ፤ ቢጫው ከተራ አምፖል አይለይምና ብዙ አትድከሙበት። ሰፋ ያለ ብርሃን ለማግኘት ደግሞ ባዶ ሃይላንድ ውሰዱ፤ አንገቱን ባትሪው ጠበቅ ብሎ እንዲገባ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ውስጡን በሶፍት ጠቅጥቁት። ሲበራ ከላይ እስከ ታች እኩል የሚያበራ ዘንግ ይሆናል፤ አየር ላይ ብታንሸራትቱት እንደ ጨርቅ የተዘረጋ ብርሃን ይተዋል።

ልብሳችሁ ጥቁር ይሁን። የደሴ ብርድ ጋቢ ቢያስመኝም ነጭ ጋቢ የለበሰ ሰው ፎቶው ላይ እንደ መንፈስ ይንሳፈፋል፤ ያንኑ ፈልጋችሁ ካልሆነ በቀር ከጃኬት ሥር ልበሱት።

የመጀመሪያው ልምምድ፦ ጀበና

ውጭ ከመውጣታችሁ በፊት ቤት ውስጥ ሥሩ። ረከቦቱን፣ ጀበናውንና ሁለት ሦስት ሲኒ አሰናዱ፤ ከኋላው ባዶ ግድግዳ ወይም ጥቁር ጨርቅ ይሁን።

1. ካሜራውን ከጀበናው አንድ ሜትር ተኩል ያህል አርቁና ትከሉ። የጀበናው ከፍታ ላይ ይሁን፤ ከላይ ወደ ታች ከተነሣ ጀበናው ያጥራል።

2. መብራት ሳይጠፋ ፎከስ አድርጉ፣ ከዚያ ወደ ማኑዋል ቀይሩት። ጨለማ ውስጥ ካሜራው የሚይዘው ሲያጣ ወዲያና ወዲህ ይዋልላል፤ ስለዚህ አንዴ ካስተካከላችሁ በኋላ የሌንሱን ቀለበት አትንኩ። ስልክ ላይ ጀበናውን በጣት ተጭናችሁ ብትይዙት ፎከሱ ይቆለፋል።

3. ካሜራ ከሆነ አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 8፣ 20 ሰከንድ። ስልክ ከሆነ አይኤስኦው የመጨረሻው ዝቅተኛ፣ 10 ሰከንድ። የስልክ አፐርቸር አይቀየርም፣ ደግሞም ሰፊ ነው፤ ብርሃን መቀነስ የምትችሉት ከባትሪው ብቻ ስለሆነ አፉን በሶፍት ሸፍኑት።

4. መብራቱን አጥፉ፣ መጋረጃውን ዝጉ፣ ባትሪ ሳታበሩ አንድ ፎቶ አንሡ። ይህን የጨለማ ፍተሻ ማንም መዝለል የለበትም። ፎቶው ጥቁር ከወጣ ክፍሉ ዝግጁ ነው። ቡናማ ወይም ሰማያዊ ነገር ከታየበት የሆነ ቦታ ብርሃን እየገባ ነው፦ የራውተሩ መብራት፣ የቻርጀሩ ነጥብ፣ የበር ሥር ክፍተት።

5. አሁን ሻተሩን ተጫኑና ከካሜራው ጎን ሆናችሁ ጀበናውን በባትሪው ብርሃን ቀቡ። ባትሪውን ከካሜራው አጠገብ ይዞ ፊት ለፊት ማብራት ዕቃውን ጠፍጣፋ ያደርገዋል፤ ከግራ ወይም ከቀኝ አግድም ሲመጣ ግን የሸክላው ክብነት፣ የረከቦቱ ቅርጽ፣ የሲኒው ጠርዝ ይወጣል። እጃችሁ አይቁም። አንድ ቦታ ላይ ሁለት ሰከንድ ከዘገየ እዚያ ነጭ ጠባሳ ይወጣል፣ በተለይ በቅባት ወዝቶ የሚያብረቀርቀው የጀበና አንገት ላይ።

6. ስክሪኑን እዩና አንድ ነገር ብቻ ለውጣችሁ ድገሙ። አይኤስኦውንም ባትሪውንም ማዕዘኑንም በአንድ ጊዜ ከቀየራችሁ የትኛው እንዳሳመረው አታውቁም።

ዕጣን ካጨሳችሁ ነገሩ ይጣፍጣል። ጭስ የሚታየው ብርሃን ከኋላው ሲመጣ ነው፤ ስለዚህ ባትሪውን ከጀበናው ጀርባ ደብቃችሁ ወደ ላይ አቅኑት። አሥር ሰከንድ ሙሉ ካበራችሁት ጭሱ ለስልሶ እንደ ስስ መጋረጃ ይዘረጋል። ጥቅልሉን፣ ክሩን ማየት ከፈለጋችሁ ግን ባትሪውን ብልጭ አድርጋችሁ ወዲያው አጥፉት፤ ሻተሩ ቢከፈትም ካሜራው ያየው ያቺን ብልጭታ ብቻ ስለሆነ ጭሱ እንዳለ ደርቆ ይቀራል። ፍሙም በሃያ ሰከንድ ውስጥ ዓይናችሁ ካየው በላይ ቀልቶ ይወጣል። ታዲያ ጨለማ ለማግኘት ብላችሁ ከሰል የተያያዘበትን ክፍል አትዝጉ። የከሰል መርዝ ሽታ የለውም፣ ሰው ይገድላል። ወደ ጨለማ ጓሮ የሚከፈት በር ወይም መስኮት ካለ እሱን ክፈቱ፤ ከሌለ ፍሙን አውጡትና በዕጣኑ ፈንታ በጀበናው ብቻ ተለማመዱ።

ፊደል መጻፍ

ለመጻፍ ትንሿን ኤልኢዲ ያዙ፣ ፊታችሁን ወደ ካሜራው አዙራችሁ አየር ላይ ጻፉ። ጽሑፉ ተገልብጦ ስለሚወጣ በኋላ ስልኩ ላይ «ፍሊፕ» ማድረግ ብቻ ነው። ፎቶው ውስጥ የሱቅ ማስታወቂያ ካለ ግን እሱም አብሮ ይገለበጣል፤ ያኔ ከቀኝ ወደ ግራ መጻፍን መለማመድ ሊኖርባችሁ ነው።

የኛ ፊደል ከላቲኑ ይልቅ እጅ ያስነሣል። በአንድ ፊደልና በሚቀጥለው መሐል ኤልኢዲውን በመዳፋችሁ ጨብጡት፤ ማብሪያ ማጥፊያውን መጫን እጅን ያወዛውዛል። «ደሴ» ብላችሁ ስትጽፉ የ«ሴ»ን እግር ላይ ያለችውን ቀለበት ከምታስቡት በላይ አግዝፏት፤ በወረቀት ልክ ከሠራችኋት ብርሃኑ ሞልቶባት ነጥብ ትሆናለች። የፊደሉን ቁመት ከራሳችሁ እስከ ወገባችሁ አድርጉት። ከሦስት ፊደል በላይ ለመጻፍ ጎን ለጎን መራመድ ስለሚያስፈልግ መሬቱ ላይ በድንጋይ ወይም በኖራ ምልክት አኑሩ፣ አለዚያ አንዱ ሌላው ላይ ይወጣል።

ፎቶ አንሺው ጆን ሚሊ ሠዓሊውን ፒካሶን እ.ኤ.አ. በ1949 ያነሣው በዚሁ ዘዴ ነው፤ ፒካሶ በጨለማ ክፍል ውስጥ በትንሽ የኤሌክትሪክ መብራት አየር ላይ ሥሏል፣ ፍላሽ ደግሞ ሰውየውን አሳይቷል። እናንተም እንዲሁ አድርጉ፦ ጽፋችሁ ስትጨርሱ ጓደኛችሁ የሁለተኛ ስልክ ፍላሽ አንዴ ብልጭ ያድርግላችሁ። በዚያች ብልጭታ ፊታችሁ ይወጣል። የሚነሣው ሌላ ሰው ከሆነ ግድግዳ ይደገፍ፤ ቆሞ ለ15 ሰከንድ የማይወዛወዝ ሰው የለም። ፊቱን በባትሪ አትቀቡት፣ መልኩን ያበላሸዋል። ሃይላንዱን ከጀርባው ከእግር እስከ ራስ አዙሩበት፣ ጠርዙ በብርሃን ተከርክሞ ይወጣል።

ሐረጎ ላይ የመኪና መብራት

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው የሐረጎ መንገድ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስለኛል። ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ካላት ደሴ ተነሥቶ 1850 ሜትር አካባቢ ወዳለችው ኮምቦልቻ በመታጠፊያ በመታጠፊያ ይወርዳል። ወደ እናንተ የሚመጣ መኪና ነጭ መስመር ይተዋል፣ የሚሄደው ቀይ። መታጠፊያው ላይ ግን ያው አንዱ መኪና ይገለባበጣል፤ ነጭ ሆኖ መጥቶ ዞሮ ቀይ ይሆናል፣ ከታች እንደገና ነጭ። ሁለት መታጠፊያ በአንድ ፎቶ ከገባላችሁ ሥዕሉ ራሱን ይሠራል።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ቦታ ያዙ። የቆማችሁበት ከአስፋልቱና ከትከሻው ውጭ የሆነ፣ ከኋላው ገደል የሌለበት፣ ከመታጠፊያው ውስጠኛ ጎን ከፍ ያለ መሬት ይሁን። በመታጠፊያው ውጫዊ ጎን መቆም አይሞከርም፤ ፍሬን የከዳው ከባድ መኪና የሚሄደው ወደዚያ ነው። ወደ መንገዱ ባትሪም ፍላሽም አታብሩ፣ ሾፌር ይታወራል።

ጥሩው ሰዓት ፀሐይ ከጠለቀች ከሃያ ደቂቃ በኋላ፣ ሰማዩ ገና ሰማያዊ ሳለ ነው። ይህቺ ሰዓት በኛ አገር ታጥራለች፤ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው። በአይኤስኦ 100፣ በኤፍ 11፣ በ15 ሰከንድ ጀምሩና ሰማዩ እየጨለመ ሲሄድ ወደ 30 አሳድጉ። መኪናው ከፍሬሙ ሊገባ ሲል ተጫኑ፣ ሲወጣ ይዘጋ። ካሜራው «በልብ» ካለው ይህን በእጃችሁ ትወስናላችሁ፤ ሻተሩ እስከተያዘ ድረስ ክፍት ነው።

መጀመሪያ ላይ ስለ መስመሩ ድምቀትና ስለ ፍጥነት ያልነው እዚህም ይሠራል። ጭነት የያዘ ሲኖትራክ በከባድ ማርሽ እየተጎተተ ስለሚወርድ መስመሩ ይደምቃል፤ ፈጥኖ የሚያልፍ ሚኒባስ ቀጭን ክር ይተዋል። ከባድ መኪና በሚበዛበት ምሽት አፐርቸሩን ወደ ኤፍ 16 አጥብቡ። ፍሬቻ የሚያበራ መኪና የተቆራረጠ ብርቱካናማ ሰረዝ ይተዋል፤ እኔ እሱን ከሁሉ እወደዋለሁ። ከተማ ውስጥ ፒያሳ ላይ ባጃጅ ሞልቷል፣ እዚያ 8 ሰከንድ ይበቃል። ከዝናብ በኋላ ከወጣችሁ አስፋልቱ መብራቱን ደግሞ ያሳያችኋል።

የደሴን አጠቃላይ ገጽታ የሚፈልግ ከምሥራቅ ከአዝዋ ገደል በኩል ሆኖ ወደ ጦሳ ይመልከት። ፀሐይ ከጦሳ ጀርባ ስለምትገባ የተራራው ጫፍ ጥቁር ጥርሱን አሳይቶ ከተማው ከሥሩ ይበራል።

ኮከብ

ለኮከብ ከከተማ መብራት ራቁ፤ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለው የሐይቅ ዳርቻ ጥሩ ነው። ወሩ ከጥቅምት እስከ ጥር ይሁን። ሐምሌና ነሐሴ ጉምና ዝናብ ነው፣ በበልግም ደመና ያስቸግራል። ጨረቃ የሌለችበትን ሌሊት ለማወቅ ደሴ ላይ አፕ አያስፈልግም፤ የእስልምናው ወር ስንተኛው ቀን ላይ እንደደረሰ ጎረቤት ጠይቁ። ከ27 እስከ 3 ሰማዩ ጨለማ ነው፣ ከ13 እስከ 16 ደግሞ ጨረቃዋ ራሷ መሬቱን ትቀባላችኋለች፤ ያኔ አይኤስኦ 800፣ ኤፍ 4፣ 30 ሰከንድ ሞክሩ።

ኮከቡ ነጥብ ሆኖ እንዲወጣ 500ን ለሌንሱ ርዝመት አካፍሉ። ትንሽ ሴንሰር (ብርሃን የሚቀበለው ክፍል) ያለው ካሜራ ላይ መጀመሪያ ርዝመቱን በ1.5 ወይም በ1.6 አባዙ። በ18 ሚሊ ሜትር 17 ሰከንድ ያህል ይመጣል፤ ከዚያ ካለፈ ኮከቡ ይሳባል። እንዲሳብ ከፈለጋችሁ ደግሞ ሰማዩ በሰዓት 15 ዲግሪ ስለሚዞር የ30 ሰከንድ ፎቶ 120 ጊዜ በተከታታይ አንሡና «ስታርስታክስ» በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ኮምፒውተር ላይ አነባብሩት። ክቡ የሚዞርበትን የሰሜን ኮከብ ሽቅብ አትፈልጉት። ደሴ 11 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች ኮከቡ ከአድማስ 11 ዲግሪ ብቻ ነው ከፍ የሚለው፤ እጃችሁን ዘርግታችሁ ቡጢ ብታደርጉ ከቡጢው ትንሽ በለጥ ይላል። በሰሜን በኩል ተራራ ካለ ሙሉ ክብ አታገኙም፣ ወደ ሐይቁ ውሃ ክፍት የሆነ ቦታ ምረጡ።

ረጅም ፎቶ ሦስት ጊዜ ተበላሽቶ ሌሊቱ እንዳያልቅ ሒሳቡን በከፍተኛ አይኤስኦ ጨርሱት። አይኤስኦ 1600 ላይ በ30 ሰከንድ ያማረው፣ አይኤስኦ 100 ላይ 16 እጥፍ፣ ማለትም 8 ደቂቃ ይፈልጋል። የጎደለውን በ30 ሰከንዱ አርሙ፣ ከዚያ 8 ደቂቃውን ክፈቱ። በዚያ 8 ደቂቃ ውስጥ ከፊት ያለውን ዛፍ ወይም ታንኳ በባትሪ ለመቀባት ሰፊ ጊዜ አላችሁ፤ ግን አይኤስኦው ስለወረደ ባትሪውን በ30 ሰከንዱ ሙከራ ከሠራችሁት 16 እጥፍ ያህል ማቆየት ሊኖርባችሁ ነው።

ብርድ የካሜራ ባትሪ ይጨርሳል። ተጨማሪውን ኪሳችሁ ውስጥ፣ ሰውነታችሁ አጠገብ አድርጉ። ከደሴ ብርድ ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት ስትወርዱ ሌንሱ ጤዛ ይይዛል፤ ካሜራውን ደሴ ላይ እያለ ፌስታል ውስጥ አሥራችሁ፣ ከወረዳችሁ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይከፈት ይቆይ።

ሰውና እሳት

በምሽት ኮረብታ ላይ ባትሪ የሚያወናጭፍ ሰው ጥርጣሬ ያመጣል፤ የጸጥታው ሁኔታ ደግሞ የታወቀ ነው። የሰዓት እላፊ መኖር አለመኖሩን አረጋግጡ፣ ለአካባቢው ሰው ወይም ለሚሊሻው ቀድማችሁ ንገሩ፣ ቢያንስ ሁለት ሆናችሁ ውጡ። ወታደራዊ ግቢ፣ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ድልድይና የባንክ በር ላይ ካሜራ አትትከሉ። የንጉሥ ሚካኤልን አይጠየፍ አዳራሽ ከጎን በባትሪ መቀባት ያምራል፣ ግን በፈቃድ ነው። ጅብ ብዙውን ጊዜ ከሰው ይሸሻል፤ ውሻ ነው የሚያስቸግረው።

ኢንተርኔት ላይ በየቦታው የምታዩት የብረት ሽቦ አያይዞ ማሽከርከር እዚህ አይመከርም። ሱቅ የሚሸጠው ወፍራሙ ዕቃ ማጠቢያ አይነድም፤ የሚነደው ቀጭኑ ደግሞ ፍንጣሪው ርቆ ይሄዳል፣ በበጋ ደረቅ ሣርና ባሕር ዛፍ ባለበት ዳገት ላይ ጣጣ ነው። እሳት የምትፈልጉ ወቅቱን ጠብቁ፦ ለቡሄ፣ ለአዲስ ዓመት ዋዜማና መስከረም 16 ለደመራ ችቦ በየደጁ ይበራል። አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 11፣ ከ1 እስከ 4 ሰከንድ፤ ችቦ ያዢው ሲያወዛውዘው ፍንጣሪው መስመር ይሠራል።

መጨረሻው ሥራ

ስልካችሁ 10 ሰከንድ ላይ የሚቆም ከሆነ ሳይነቃነቅ አራት አምስት ፎቶ አንሡ፣ በያንዳንዱ የተለየ ክፍል ቀቡ። ከዚያ «ስናፕሲድ» በሚባለው አፕ ላይ ድርብ ፎቶ የሚለውን ከፍታችሁ የማነባበሪያውን ዓይነት «ላይትን» አድርጉት፤ ከሁለቱ ፎቶ የደመቀውን ብቻ ስለሚወስድ ጨለማው እንዳለ ይቆያል። ካሜራ ያለው በ«ሮው» (RAW፣ ካሜራው ያልነካካው ጥሬ ፋይል) ያንሣ፤ የመንገድ አምፖሉን ብጫት በኋላ ማረም ይቻላል። ጥቁሩን ለማንጣት ግን አትሞክሩ፣ እህል የመሰለ ነጠብጣብ ነው የሚወጣው።

በቴሌግራም ስትልኩ «ፋይል» ብላችሁ ላኩ። በተራ ፎቶነት ከተላከ ይጨመቅና የሰማዩ ጥቁር ደረጃ ደረጃ ሠርቶ ይደርሳል።